ቾቄ ላይ ማደር

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚጓዝ ሰው ሮብ ገበያ ሲደርስ ደጋው እንደበረታ ፊቱን በሚመታው ነፋስ ያውቀዋል። ጤፉ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ግራና ቀኙ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ነው። ከዚያ በላይ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው በላይ አስታው፣ ከአስታው በላይ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራው ይቀጥላል። የስናን ወረዳ ከተማ የሆነችው ሮብ ገበያ ለቾቄ ተራራ ደጃፉ ናት።

ዛሬ ከከተማ ግርግር ወጥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ሁለት ሌሊት ማደር የሚመኝ ሰው በዝቷል። እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ጉሙ ሲወርድና ሲገለጥ ማየት፣ ሳይቸኩሉ መተኛት፣ ሳይቸኩሉ መነሣት። ይህ ሲነሣ ብዙዎች ከውጭ የመጣ ፋሽን አድርገው ያወሩታል። በጎጃም ደጋ ግን ሰው ወደ ከፍታ ወጥቶ በትንሽ ጎጆ ማደር ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የማደሩ ምክንያት ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል፤ ጎጆው ግን ለብዙ ዘመን የተሠራው ከተራራው ሣርና ከተራራው ቀርከሃ ነው። እኔን ስለዚህ ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝም የሣሩ ነገር ነው።

ቾቄን የሠራው እሳት ነው። ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈሰሰ ቅላጭ ዐለት በየጊዜው ተደራርቦ ትከሻው የሰፋ ተራራ አቆመ፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከጎኖቹ የሚመነጩት ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብና ሌሎቹም ወንዞች በየአቅጣጫው ቁልቁል ወርደው መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ዝናቡ ብዙ፣ ውርጩ ጽኑ፣ በረዶው ድንገተኛ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መጠለያ የሌለው ሰው አንድ ሌሊት እንኳ አይዘልቅም።

የደጋው ሰው ወደ ላይኛው ጓሳ የሚወጣው ከብቱን ተከትሎ ነበር። እህሉ በማሳ ላይ ሳለ በጉንና ፈረሱን ወደ ላይ ያወጣል፤ እረኛው ደበሎውን ለብሶ፣ ዝናብ ሲመጣ ገሳውን ደርቦ፣ በዐለት ጥግ ወይም ከአስታ ቅርንጫፍ በተሠራ ዳስ ይጠለላል። ገሳው ራሱ ከሣር የተጎነጎነ ነው፤ ውሃው በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። እረኛው ሣሩን ለከብቱ ያበላል፣ ይለብሰዋል፣ ይተኛበታል።

ቋሚው ጎጆ የሚሠራው ዝቅ ብሎ፣ ቀርከሃው ካለበት ግድም ነው። የበሰለ ቀርከሃ ተመርጦ ይቆረጣል፤ ለጋው ይነቅዛልና አይነካም። ርዝመቱን ይዞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በቋሚዎቹ መካከል እየተሾለከ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል። ጭድ የገባበት ጭቃ ተቦክቶ፣ ሰንብቶ፣ በላዩ ይመረጋል። ምሰሶው ከመካከል ይቆማል፤ ወራጆቹ ከእርሱ ተነሥተው ዙሪያውን ይረግጣሉ፤ ማገሩ ይታሰራል። ከዚያ ክዳኑ ይመጣል፤ ጓሳ ከተገኘ ጓሳ፣ ካልተገኘ የእህል አገዳ፣ ከታች ወደ ላይ በነዶ በነዶ እየተደራረበ። ምድጃው ከወለሉ መካከል ነው። ጭሱ መውጫ አልተበጀለትም፤ በክዳኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይሾልካል፣ እየሾለከም ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩን ያባርራል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ክዳኑ ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። ሌሊት በጎቹ ወደ ውስጥ ገብተው በአንድ ወገን ይታሰራሉ፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር ቤቱን ያሞቀዋል። ቁርበት በተነጠፈበት መደብ ላይ ጋቢና ባና ደርቦ የተኛ ሰው ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ሲጋገር አይሰማውም።

ለነፍሱ ሲል ከሰው ርቆ በጎጆ የማደር ልማድ ደግሞ ከክርስትናው ጋር መጣ። መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ከቾቄ በስተምሥራቅ የተነሡ ታላላቅ ደብሮች ናቸው፤ ጎጃምም በቅኔና በመጻሕፍት ጉባኤ አገር ሁሉ የሚጎርፍበት ምድር ሆነ። ተማሪው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የራሱን ጎጆ ይቀልሳል። አንድ ወይም ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት ናት። ቀን ቁራሽ ለምኖ ይመለሳል፤ ከዚያ ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ጸጥታ ለእርሱ ቅንጦት አልነበረም፤ ያለ እርሱ ሥራው አይሠራም። ዛሬ ሰው በብዙ ብር የሚከራየውን ነገር የቅኔ ተማሪው በደበሎና በበሶ አግኝቶታል ብል ችግሩን ማቃለሌ አይደለም፤ ብርዱም ረሃቡም እውነት ነበር፤ የሚያፈራው ሐሳብም እውነት ነበር።

ምእመኑም የራሱ ጊዜ አለው። በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ሱባኤ የሚገባ ሰው ቤቱንና ሥራውን ትቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በጠበል አጠገብ በዳስና በትንሽ ጎጆ ይሰነብታል። ምግቡ ጥሬ ነው፤ ንግግሩ ጥቂት ነው። ክረምቱ ከባድ፣ እርሻውም አረም በአረም በሆነበት ወር ሁለት ሳምንት መቆም ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ይቆማል። ከኑሮ ሩጫ ወጥቶ ራስን መመልከት የሚባለው ነገር በዚህ አገር የተመደበ ቀን፣ የተመደበ ቦታና የተመደበ ሥርዓት ያለው ነበር፤ አሁንም አለው።

በ1610 ዓ.ም. ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። በ1763 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ደረሰ፤ ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ለገዛ አገሩ ንጉሥ ጤና ጽዋ አነሣ። ሁለቱም ምንጩን አዩ፣ ለኩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። የአካባቢው ሰው ደግሞ ያንኑ ምንጭ ጠበል አድርጎ ይሰነብትበት ነበር። ልዩነቱ ዛሬም ተራራ በሚወጡ ሰዎች መካከል ይታያል፤ ደርሼበታለሁ ለማለት የሚወጣና ለመሰንበት የሚወጣ አንድ አይደሉም።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1842 አካባቢ በጎጃም ሲዘዋወር፣ በታወቀው በባሶ ገበያ አጠገብ ተቀምጦ ከዓባይ ማዶ ስለሚመጣው ንግድ ብዙ ጽፏል። ያን ጊዜ በመላው ደጋ ማረፊያ ቤት የሚባል አልነበረም፤ አስፈላጊም አልነበረም። የመሸበት መንገደኛ ከአንዱ ደጃፍ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ!» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ!» ይባላል። ባለቤቲቱ ውሃ ታሞቃለች፣ ልጅ ወርዶ እግሩን ያጥባል፣ እሳት ዳር ያለው ቦታ ይለቀቅለታል። የገብስ ቆሎና ጠላ ይቀርባል። የወዲያኛውን አገር ዝናብና ገበያ ይጠየቃል፤ መልሱም እስኪያልቅ ይሰማል። ሲነጋ «ስንት ልክፈል?» ብሎ ነገር ቤቱን መስደብ ነበር። የጎጃም ደጋ መስተንግዶ ዛሬ ለሎጅ ሥራ መሠረት ይሆናል ሲባል፣ ሊነገር የሚገባው ስለዚህ ነው፤ በጌጥ ስለታነጸ ክፍል አይደለም።

ቢክ ጎጃምን ለቆ ከሄደ ጥቂት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1845፣ አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ዋልደን በተባለ ኩሬ ዳር ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ብቻውን ተቀመጠ። በዛሬው ዘመን በጫካ ቤት ማረፍ የሚያስደስታቸው ምዕራባውያን እርሱን እንደ አባት ይቆጥሩታል። ኖርዌያውያን ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. የተራራ ተጓዦች ማኅበር አቋቁመው፣ በየሸንተረሩ የማደሪያ ቤቶች መሥራት ያዙ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ቤቶቹም አሉ። ቶሮ አንድ ሰው ነበር፤ የኖርዌዮቹ ግን ማኅበር ነው፤ ለቾቄ የሚሆነው ምሳሌ ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ከቾቄ በታች መንቆረር የምትባል ከተማ አደገች። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሲሆኑ መናገሻቸው እርሷ ነበረች፤ ከተማዋም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። በከተማዋ እድገት የተራራው እንጨት፣ ቀርከሃ፣ በግና ገብስ ወደ ታች መውረዱ በረታ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ድንችም ውሎ አድሮ ደጋውን ወረሰው። ዛሬ ረቡዕ ረቡዕ ሮብ ገበያ ላይ በአህያ ተጭኖ የሚወርደውን ድንች ያየ ሰው፣ ይህ ሰብል ለአገሩ እንግዳ ነበር ቢሉት አያምንም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎጆው ሌላ ሥራ ሠራ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኛ ከደጋው ጉምና ከዓባይ ሸለቆ መካከል እየተመላለሰ ተዋጋ፤ እህሉን፣ ቁስለኛውንና ወሬውን የተቀበለው የገበሬው ጎጆ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ብዙ ጎጆ ተቃጥሎ ነበር። ክዳኑ ግን በአንድ በጋ ይመለሳል፤ ሣሩ እስካለ ድረስ።

ሣሩ ያነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝቡ በዛ፤ የታችኛው መሬት ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠበበ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገባሩ ነጻ ወጣ፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጓሳን በየአካባቢው ይጠብቅ የነበረው ልማድም አብሮ ላላ። ማረሻ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ወጣ። ገብስ አስታው ከነበረበት ደረሰ፤ ድንች ጓሳው ከነበረበት ደረሰ። ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ወደ ጨሞጋና ወደ ሙጋ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቾቄ ተፋሰሶች ጥናት ተራራውን ከቆላው ሸለቆ እስከ ውርጩ ጫፍ በስድስት የግብርና ሥነ ምህዳር ከፍሎ አሳይቷል፤ የላይኞቹን ክፍሎች የሚያርሰው ገበሬ ያለ ምርጫ የወጣ ሰው ነው። ጥፋተኛ አድርጎ መጻፍ አይገባም።

አንድ ፍጥረት ግን በዚህ ምክንያት ጠፋ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም፤ የቀረውም 500 ገደማ ነው። የሚኖረው በጓሳው ውስጥ የሚራቡትን አይጦች አድኖ ነው። ቾቄ ላይ ነበረ። ጓሳው ሲቆራረጥ አነሰ፣ በቅርብ አሥርት ዓመታት ውስጥም ከተራራው ፈጽሞ ጠፋ። ስለ ቾቄ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ይህን ያህል የሚያስቆጨኝ ነገር የለም።

መንዝ ላይ የተለየ ነገር ሆኗል፤ ስለዚህ ከጎጃም ወጥቼ ጥቂት ልቆይበት። በሰሜን ሸዋ ከ3,200 ሜትር በላይ የተንጣለለው የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአስቦና በጌራ ተወላጆች የተጠበቀ ነው። አለቆቻቸው ሣሩን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በዚያ ጊዜ የሚያጭድም የሚያስግጥም አልነበረም፤ የተላለፈ ይቀጣ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ይነገራል፣ ሕዝቡ ወጥቶ ለክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ያጭዳል፣ ከብቱን ያስግጣል፤ ሐምሌ አቦ ሲደርስ ይዘጋ ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ይህንንም ሥርዓት አፈረሰው። የመንዝ ሰው ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ መልሶ በማኅበር አደራጀው፣ ሕጋዊ ጥበቃም አገኘ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ የማኅበረሰቡ ሎጅ አለው፤ እንግዳው ማለዳ በር ከፍቶ ሲወጣ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ፣ ዕድለኛ ከሆነም ቀይ ቀበሮ ያያል። መንዝና ቾቄ በብርድም በሣርም የሚቀራረቡ ናቸው። ልዩነታቸው ሣሩ ላይ የሚወስን የተስማማ ሕዝብ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

በኢትዮጵያ ተራሮች ለእረፍት ሲባል የተሠሩ ማደሪያዎች ታሪክ አጭር ነው። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ለብዙ ዓመታት ግን እዚያ የሚያድር ሰው ድንኳኑን በበቅሎ ጭኖ ነበር የሚወጣው። በኋላ በ3,260 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሚየን ሎጅ ተሠራ፤ ከእርሱም በኋላ ሊማሊሞ ሎጅ ተከተለ። የእኔ ልብ የሚያዘነብለው ግን ወደ መቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከላሊበላ በስተደቡብ፣ መቋት ማርያም በተባለ የገደል አፋፍ ላይ ተስፋ የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ጥቂት ጎጆዎች ሠራ። ግንባታው የመንደሩ፣ ምግቡ የመንደሩ፣ ገቢውም የመንደሩ ነው። እንግዳው ጥቂት ነው፤ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፣ ጭነቱ በአህያ ይከተለዋል። መብራት የለም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት አለ። ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ሊሰጥ የማይችለውን እረፍት መቄት በሣርና በጭቃ ሰጠ።

ቾቄም ተራው ደረሰው። በተራራው ግርጌ ሙሉ ኢኮ ሎጅ የተባለ፣ ክብ የሣር ክዳን ጎጆዎች ያሉት ማረፊያ ተከፈተ፤ እንግዳ ከገበሬው ጋር ማሳ የሚወርድበት፣ ተራራውን በእግሩ የሚያይበት ቦታ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የዓመቱን ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ሲያስታውቅ፣ ከመላው ዓለም ከተመረጡት 32 መንደሮች አንዱ የቾቄ ተራራ ኢኮ መንደር ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ወንጪ ተመርጦ ነበርና የኢትዮጵያ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። ለጎጃም ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ስሙ ከዚያ በፊት በጎብኚ ካርታ ላይ እምብዛም የማይታይ ተራራ በአንድ ቀን ታወቀ።

ደስታው አልሰነበተም። ቀድሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገደኛውን አስቀርቶት ነበር፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱም ጎጃምን አዳረሰ። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ አይመጣም። ለእንግዳ ብላ እንቁላል የምታጠራቅም እናት፣ በቅሎ የሚያከራይ አባት፣ መንገድ የሚመራ ወጣት እጁን አጣጥፎ ቀረ። አንድ ተራራ ዓለም ባወቀው በወራት ውስጥ የማይደረስበት ሲሆን ያማል፤ ከሁሉ የሚያመው ግን የሰው ሕይወት ነው፤ ማረፊያ ቤት ከዚያ በኋላ የሚነሣ ነገር ነው።

ሰላም ሲወርድ ሰው ወደ ቾቄ ይወጣል፤ ይህን አልጠራጠርም። ያን ጊዜ ከሮብ ገበያ በላይ ጎጆ ለመሥራት የሚነሣ ባለሀብትም ሆነ ማኅበር መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የክዳን ነው። በአካባቢው የብዙ ሰው ቤት ዛሬ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ገበሬው የመረጠውም በምክንያት ነው፤ ሣር ጠፍቷል፣ ቆርቆሮ ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ክደነኝ አይልም። ነገር ግን በቾቄ በረዶ ወቅት ከቆርቆሮ ሥር ያደረ እንግዳ እንቅልፍ አያገኝም፤ ድምፁ እርስ በርስ እንኳ አያነጋግርም። በጓሳ ክዳን ሥር ያው በረዶ ሹክሹክታ ነው። ሙቀቱንም የሚይዘው ሣሩ ነው።

ጓሳ ደግሞ ከሌላ አገር በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነገር አይደለም። የመንዝ አባቶች ሸንተረሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉ የነበሩት ለክዳን የሚሆን ሣር ከዚያ ባነሰ ጊዜ ስለማይደርስ ነው። እንግዲህ ቾቄ ላይ የሚሠራ ጎጆ ሥራው የሚጀመረው ማገሩ ከመታሰሩ ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ አንድ ሸንተረር ተመርጦ፣ በጉን እዚያ የሚያሰማራው ገበሬ ተጠይቆና ተስማምቶ፣ ለተዘጋበት ዘመን የሚካሰው መኖና ከእንግዳው የሚደርሰው ድርሻ በግልጽ ተነግሮት። ንግግሩ ቢሮ ውስጥ ባይሆን ይመረጣል። ረቡዕ ቀን፣ ከላይኛው ቀበሌ ሁሉ ሰው በሚወርድበት፣ በግና ድንች ተሽጦ ካለቀ በኋላ ገበያው ዳር ቢጀመር የሚመለከተው ሰው አይጎድልም።